ሽቦው ምን አጠፋ?



ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ሽቦ ነው። ሽቦ ብዬ ስጀምር «ይህ ሰውዬ ደግሞ ምን ሊለን ነው?» ብላችሁ ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ። የትምህርት ቤት ሥራውን በኮምፒዩተር የሚሠራ ተማሪ፥ በመሥሪያ ቤትም ተቀምጦ ደብዳቤ የሚጽፍና መዝገብ የሚያገላብጥ ሠራተኛ ሁሉ አንድ ቀን ይህ ነገር ሊደርስበት ይችላል። የሚደርስበትም ቀን ወይ ማመልከቻ የሚዘጋበት፥ ወይ የወሩ ደመወዝ የሚላክበት ዕለት ነው። ችግር መቼም ቀን መርጦ ነው የሚመጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተራችሁ ማታ ደኅና ነበር። «አዲስ እትም ወጥቷል፤ ላሻሽለው?» ብሎ ጠየቃችሁ። አዲስ ነገር የሚጠላ የለምና «እሺ» አላችሁት። ሌሊቱን ሲያወርድና ሲጭን አደረ። ጠዋት ስትከፍቱት መልኩ አምሯል፥ ፊደሉ ጠርቷል፤ ዳሩ ግን ከውጭ ጋር የሚያገናኘው መስመር የለም። ሽቦው እንደ ትናንቱ ተሰክቷል፤ ነገር ግን የሚሄድም የሚመጣም ነገር የለም። በዚህን ጊዜ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚይዘው ሽቦውን ነው። ይነቅለዋል፥ መልሶ ይሰካዋል፥ ይጠመዝዘዋል፥ ይረግመዋል። ሽቦው ግን ምን አጠፋ?

በእኔ የደረሰውን ልንገራችሁ። ጊዜው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 መጨረሻ ላይ ነው (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት ታናሽ ጸሐፊ ነበርሁ። የክፍላችንን የደመወዝ መዝገብ በየወሩ ወደ ሒሳብ ክፍል የምልከው እኔ ነበርሁ። መዝገቡ የሚላከው በመሥሪያ ቤቱ የውስጥ መስመር ብቻ ሲሆን፥ ያም መስመር ለዚሁ ሥራ ከተመዘገበው ከእኔ ኮምፒዩተር በቀር ከሌላ አይቀበልም። የመጨረሻው ሰዓት ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት ነው። ያ ሰዓት ካለፈ የክፍሉ ሰው ሁሉ ደመወዝ ወደሚቀጥለው ሳምንት ይሻገራል። የቤት ኪራይ ለሚጠበቅበትና ለልጁ ትምህርት ቤት ለሚከፍል ሰው ደግሞ ሰኞ ማለት ሩቅ አገር ነው።

እኔም ሐሙስ ማታ ማንንም ሳላስፈቅድ ኮምፒዩተሩን አሻሻልሁት። ክፋት አልነበረኝም፤ አዲሱን ለማየት ጓጉቼ ነው እንጂ። ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስከፍተው ግን መስመሩ የለም።

ክፍላችንን የሚያጸዱ፥ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው አንዲት እናት ነበሩ። በዚያው ማለዳ ጠረጴዛዬን ገፋ አድርገው ከሥሩ ጠርገዋል። አለቃችን ገብቶ ነገሩን ሲሰማ ዓይኑን መጀመሪያ ወደ ወለሉ፥ ከዚያም ወደ መጥረጊያው ጣለ።

«ሽቦውን የነካ ማነው?» አለ።

እትዬም «ጠረጴዛውን ገፋ አድርጌ ጠርጌያለሁ፤ ሽቦውን ግን አልነካሁም» አሉ።

«ካልነኩት ታዲያ ማን በጠሰው? አዲስ ሽቦ ይገዛ፤ ዋጋውም ከእርስዎ ላይ ይታሰባል» አለና ወጣ።

እኔ ማታ ያደረግሁትን አውቃለሁ። «ጋሼ፥ ትናንት የነካሁት እኔ ነኝ» ማለት ሲገባኝ «እስቲ መጀመሪያ ሽቦው ይታይ፤ ማን ያውቃል?» ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁና ዝም አልሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ስለ ኮምፒዩተሩ ብቻ ሳይሆን ስለዚያ ዝምታም ጭምር መሆኑን ከአሁኑ እወቁልኝ።

ሊኑክስ የተባለው ነገር

ወደ ፍለጋው ከመግባታችን በፊት ለማያውቁት አንድ ሁለት ቃል ልበል። በኮምፒዩተራችን ላይ የተጫነው ሥርዓት ኡቡንቱ ይባላል፤ እርሱም ከሊኑክስ ወገን ነው። ሊኑክስን በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ ፊንላንዳዊ ነው። በዚያን ጊዜ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን ዕድሜው 21 ዓመት ብቻ ነበር። ተማሪዎች ሆይ፥ ይህን ልብ በሉ! የጻፈውንም ደብቆ አላስቀረም፤ ማንም እንዲያየው፥ እንዲያርመውና እንዲጨምርበት ለሁሉ ክፍት አደረገው። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት ታላላቅ ኮምፒዩተሮች እስከ ብዙ ሰው ኪስ ውስጥ እስካለው የእጅ ስልክ ድረስ የሚሠራው በዚህ አስኳል ነው።

ኡቡንቱን ደግሞ በ2004 ያስጀመረው ማርክ ሻትልዎርዝ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። ሰውዬው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በሩሲያ መንኮራኩር ወደ ጠፈር ደርሶ ተመልሷል። ኡቡንቱ የሚለው ቃል በዙሉና በኮሳ ቋንቋ ሲሆን፥ ሰው ለሰው ያለውን ሰብአዊነት የሚያመለክት ነው። እትሞቹ የሚጠሩት በወጡበት ዓመትና ወር ነው፤ 16.04 ማለት በ2016 በአራተኛው ወር የወጣ፥ 18.04 ማለት በ2018 በአራተኛው ወር የወጣ ነው። እኔ በዚያች ሐሙስ ማታ የተሻገርሁት ከ16.04 ወደ 18.04 ነበር። የሁለቱም መደበኛ የድጋፍ ጊዜ ዛሬ አልፏል፤ ነገር ግን በመሻገሪያው ላይ ያገኘኝ እንቅፋት ትምህርቱ አላለፈም።

ከታች ወደ ላይ

የመስመር ብልሽት ሲያጋጥም ዋናው ሕግ አንድ ነው፤ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መውጣት። ከሽቦው ተነሡ፥ ቀጥሎ ወደ ካርዱ፥ ቀጥሎ ካርዱን ወደሚያዝዘው ሹም፥ ቀጥሎ ወደ አድራሻው፥ በመጨረሻም ወደ ስሙ ሂዱ። አንዱን ደረጃ ሳታረጋግጡ ወደሚቀጥለው አትለፉ። በየደረጃውም ባላችሁበት ቆማችሁ «እስከዚህ ድረስ ደኅና ነው» ማለት መቻል አለባችሁ። ትእዛዞቹን እዚህ የምጽፋቸው በአነባበባቸው ነው፤ እናንተ በተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ።

አንደኛው ደረጃ ሽቦው ነው። በሽቦ የመገናኘቱን ዘዴ ሮበርት ሜትካልፍና ዴቪድ ቦግስ የተባሉ አሜሪካውያን በ1973 በካሊፎርኒያ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ጣቢያ አስጀመሩት፤ ስሙም ኢተርኔት ይባላል። ዛሬ የምንሰካው ሽቦ በውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፤ እነርሱም ሁለት ሁለት እየሆኑ ተገምደው አራት ጥንድ ይሆናሉ። ርዝመቱም በደንቡ ከ100 ሜትር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ሽቦው የሚሰካበትን ቀዳዳ በኮምፒዩተሩ ጀርባ ጎንበስ ብላችሁ ብትመለከቱ፥ በጐኑ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ጥቃቅን መብራቶች ታያላችሁ። መብራቱ ከበራ ሽቦው ከወዲያኛው ጫፍ ካለው ማከፋፈያ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። ብልጭ ብልጭ ካለ በላዩ ላይ አንድ ነገር እያለፈ ነው። ፈጽሞ ካልበራ ያን ጊዜ ሽቦውን ለውጡ፥ በማከፋፈያውም ላይ ሌላ ቀዳዳ ሞክሩ።

እኛ ግን በዚያ ጠዋት ማንም ጎንበስ ብሎ መብራቱን አላየም። ተላላኪው ሮጦ አዲስ ሽቦ ገዝቶ እስኪመለስ አንድ ሰዓት አለፈ። አዲሱን ሰካነው፤ ለውጥ የለም። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ባልደረባዬ «እስቲ አሮጌውን ሽቦ በእኔ ላይ እንሞክረው» ያለው። የእርሱ ኮምፒዩተር አልተሻሻለም፤ አሁንም በ16.04 ላይ ነው። የተወቀሰውን ሽቦ ሲሰካበት መስመሩ ወዲያው መጣ!

ይህን ሙከራ ልብ በሉት፤ ከሁሉ የሚረክስና ከሁሉ የሚያስተምር ሙከራ ነው። የተጠረጠረውን ዕቃ ደኅና መሆኑ በታወቀ ቦታ ላይ ሞክሩት። በዚያ ከሠራ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ሰዓቱ አራት ነበር። ሽቦው ነጻ ወጣ፤ ከሽቦውም ጋር እትዬ ነጻ ወጡ። እኔ ግን ላብ ላብ አለኝ።

ሁለተኛው ደረጃ ካርዱ ነው። ኮምፒዩተሩ የሽቦውን ካርድ ያውቀዋል ወይስ አያውቀውም? «አይፒ ሊንክ» ብላችሁ ስታዝዙት ያሉትን መገናኛዎች በተራ ይዘረዝራል። መጀመሪያ የምታዩት «ሎ» የሚባለው ኮምፒዩተሩ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት ነው፤ እርሱን ተዉት። ቀጥሎ «ኢኤን» በሚሉ ፊደሎች የሚጀምር ስም ካገኛችሁ የሽቦው ካርድ ታውቋል ማለት ነው። በአጠገቡ «ኖ ካሪየር» የሚል ቃል ካለ ካርዱ ታውቆ ከሽቦው ግን ምንም አይሰማም፤ ወደ አንደኛው ደረጃ ተመለሱ።

ጭራሹን ከሌለ ግን የጐደለው ድራይቨሩ ነው። ድራይቨር በቋንቋው ሾፌር ማለት ነው፤ ሥራውም እንደ ስሙ ነው። መኪናው በግቢው ቆሟል፥ ቤንዚንም አለው፤ ሾፌሩ ግን አልመጣም። ስታሻሽሉ አስኳሉ ራሱ ስለሚለወጥ (የ16.04 አስኳል ሲወጣ ቍጥሩ 4.4፥ የ18.04 ግን 4.15 ነበር) ከውጭ መጥቶ ለአሮጌው አስኳል የተሰናዳ ሾፌር ለአዲሱ እንደገና ካልተሰናዳ አይሠራም። ይህ በተለይ የሪያልቴክ ካርድ ባለባቸው ኮምፒዩተሮች ላይ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ለዚህ ካርድ ከአስኳሉ ጋር የሚመጣ አንድ ሾፌር፥ ከኩባንያው የሚመጣ ሌላ ሾፌር አለና።

መፈተኛው መንገድ ቀላል ነው። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ «ሺፍት» ወይም «ኤስኬፕ» የሚለውን ቁልፍ ብትጫኑ ግሩብ የተባለው ማውጫ ይመጣል። በዚያም ብዙውን ጊዜ አሮጌው አስኳል ከነቍጥሩ ተቀምጦ ይቈያል። በአሮጌው አስኳል አስነሡት። መስመሩ ከመጣ ጥፋቱ በአዲሱ አስኳልና በሾፌሩ መካከል መሆኑ ታወቀ፤ ሾፌሩን ለአዲሱ አስኳል እስክታሰናዱም ድረስ በአሮጌው ሥራችሁን መሥራት ትችላላችሁ።

በዚህ ደረጃ ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ፤ እርሱም የስም ለውጥ ነው። በድሮው ልማድ የመጀመሪያው የሽቦ ካርድ «ኢቲኤች0» ይባል ነበር። ካርድ ከአንድ በላይ ሲሆን ግን ዛሬ 0 የተባለው ነገ 1 ሊባል ስለሚችል፥ ከ2013 ጀምሮ ሲስተምዲ የተባለው ክፍል ካርዶቹን በተሰኩበት ቦታ መጥራት ጀመረ። ለምሳሌ «ኢኤንፒ3ኤስ0» ማለት የሽቦ ካርድ ሆኖ በሦስተኛው መስመር፥ በዜሮ ቍጥር ማስገቢያ ላይ ያለ ማለት ነው። ታዲያ በአሮጌው የመመሪያ ፋይል ላይ «ኢቲኤች0 እንዲህ ያድርግ» ተብሎ ተጽፎ ካርዱ ስሙን ከለወጠ፥ ትእዛዙ ለሌለ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ አዲሱን ስም በአሮጌው ቦታ መተካት ነው።

የእኔ ካርድ ግን በዝርዝሩ ላይ ነበር። ስሙም አለ፥ ሾፌሩም አለ። ሰዓቱ አምስት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው።

ሁለት ዘበኛ፥ አንድ በር

ሦስተኛው ደረጃ ሹሙ ነው፤ የእኔም ብልሽት የተገኘው እዚህ ላይ ነው። መንገዱን የጠቆመኝ አንድ ላፕቶፕ ነው። አንዲት ባልደረባችን በዚያው ሳምንት ላፕቶፗን ከ16.04 ወደ 18.04 አሻሽላ ነበር፤ «የእኔ እኮ ደኅና ይሠራል» አለች። ስናየው የሚሠራው በገመድ አልባው በዋይፋይ ነው። «እስቲ ሽቦ ሰኪበት» አልናት። ዋይፋዩን አጥፍታ ሽቦውን ስትሰካ የእርሷም ዝም አለ። እንግዲህ የተሻሻሉት ሁለቱ በሽቦ አይሠሩም፥ ያልተሻሻለው በሽቦ ይሠራል፥ የተሻሻለውም በዋይፋይ ይሠራል። ጥፋቱ ከማሻሻያው ጋር የመጣና ሽቦን ብቻ የሚመለከት መሆኑ በዚህ ተለየ።

ከዚህ በኋላ «ኤንኤምሲኤልአይ ዲቫይስ» ብዬ አዘዝሁ። ይህ ትእዛዝ እያንዳንዱ ካርድ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ይናገራል። «ኮኔክትድ» ካለ ተገናኝቷል። «ዲስኮኔክትድ» ካለ ዝግጁ ነው፥ ግን አልተገናኘም። «አንአቬይለብል» ካለ ብዙውን ጊዜ ሽቦው አልተሰካም። የእኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ቃል አወጣ፤ «አንማኔጅድ» አለኝ። ትርጕሙም ኀላፊ የለውም፥ የሚያዝዘው ሹም የለም ማለት ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? በኡቡንቱ ላይ መስመርን የሚያስተዳድሩ ሁለት ሹሞች አሉ። አንዱ በጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ላይ የተለመደው ኔትወርክ ማኔጀር ነው። ሁለተኛው በሰርቨሮች ላይ የተለመደው ኔትወርክዲ ነው። በ2017 በአሥረኛው ወር የወጣው 17.10 ደግሞ በሁለቱ ላይ ኔትፕላን የሚባል የበላይ አመጣ፤ ሥራውም መመሪያ አንብቦ ለአንደኛው ወይም ለሁለተኛው ትእዛዝ መስጠት ነው። 18.04 ይህን አሠራር ይዞ የወጣ የመጀመሪያው የረጅም ጊዜ እትም ሆነ።

እንግዲህ አንድ ግቢ ሁለት ዘበኛ ሲኖረው የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ከኔትወርክ ማኔጀር ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ ትንሽ ፋይል አለ። በውስጡ የተጻፈው ባጭሩ «ከገመድ አልባውና ከሞባይል መስመሩ በቀር ሌላውን ሁሉ ተወው» የሚል ነው። ይህም የተደረገው በሰርቨር ላይ የሽቦውን ካርድ ሌላው ሹም ስለሚይዘው እንዳይጋጩ ነው። 18.04 ከመጀመሪያው አዲስ ሆኖ በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ሲጫን፥ «እዚህ ቤት ሁሉንም የሚይዘው ኔትወርክ ማኔጀር ነው» የሚል የኔትፕላን ፋይል ስለሚቀመጥ ችግር የለም። ከአሮጌ እትም እየተሻሻለ የመጣ ኮምፒዩተር ግን ያ ፋይል ሳይኖረው ሊቀር ይችላል። በዚህን ጊዜ ኔትወርክ ማኔጀር «ሽቦው የሌላው ሥራ ነው» ብሎ ይተወዋል፤ ሌላው ደግሞ ማንም ስላላዘዘው አልተነሣም። ሁለት ዘበኛ ተቀጥሮ በሩ ጠባቂ አጣ።

መድኃኒቱ ከበሽታው ጋር ሲነጻጸር የሚያስቅ ነው። ያ «ሌላውን ተወው» የሚለው ፋይል ስሙ «10-ግሎባሊ-ማኔጅድ-ዲቫይስስ.ኮንፍ» ይባላል፤ የሚቀመጠውም በሥርዓቱ የራሱ ማኅደር ውስጥ፥ «ዩኤስአር» ከዚያ «ሊብ» ከዚያ «ኔትወርክማኔጀር» ከዚያ «ኮንፍ.ዲ» በሚለው ነው። የኮምፒዩተሩ ባለቤት የሚጽፋቸው መመሪያዎች የሚቀመጡት ግን «ኢቲሲ» በሚባለው ማኅደር ነው። በ«ኢቲሲ» ሥር ባለው «ኔትወርክማኔጀር»፥ በእርሱም ሥር ባለው «ኮንፍ.ዲ» ውስጥ በዚያው ስም የተቀመጠ ፋይል ካለ፥ የሥርዓቱ ፋይል ተትቶ የባለቤቱ ይነበባል። ስለዚህ «ሱዶ ተች» በሚለው ትእዛዝ በዚያ ቦታ በዚያው ስም ባዶ ፋይል መፍጠር፥ ከዚያም ኔትወርክ ማኔጀርን እንደገና ማስነሣት ብቻ ነው። ባዶው ፋይል «ተወው» የሚለውን ቃል ይሸፍነዋል፤ ሹሙም በሩን ይረከባል።

ይህ ካልበቃ ሌላ አንድ ቦታ ተመልከቱ። በ«ኢቲሲ» ሥር «ኔትወርክ» በሚለው ማኅደር ውስጥ «ኢንተርፌስስ» የሚባል የድሮ ፋይል አለ። ካርዳችሁ በዚያ ላይ በስሙ ተጽፎ ከሆነ ኔትወርክ ማኔጀር «ይህ ባለቤት አለው» ብሎ ይተወዋል። ፋይሉን ቀድታችሁ አስቀምጡ፤ «ሎ» የሚለውን ሳትነኩ በካርዱ መስመሮች መጀመሪያ ላይ የመሰላል ምልክት (#) አድርጋችሁ እንዳይነበቡ አድርጉ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ባዶዋን ፋይል ፈጠርሁ። ሹሙን አስነሣሁት። ሁለት ሦስት ጊዜ እስክተነፍስ ድረስ ጠበቅሁ፤ በማዕዘኑ ላይ ያለችው ምልክት መጣች። መዝገቡ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሒሳብ ክፍል ደረሰ።

አድራሻና ስም

የእናንተ ብልሽት ከዚህ በላይ ባሉት ሁለት ደረጃዎች ላይ ሊሆን ስለሚችል እነርሱንም ባጭሩ ላሳያችሁ። አራተኛው ደረጃ አድራሻ ነው። ካርዱ ተገናኝቶ «አይፒ አድሬስ» ስትሉት ቍጥር ከሌለው፥ ለምሳሌ በ192.168 የሚጀምር ቍጥር ካልታየ፥ አድራሻ የሚያድለው መሣሪያ አልመለሰለትም ማለት ነው። ከመሻሻሉ በፊት በእጅ የተጻፈ ቋሚ ቍጥር እንደ ነበረውና በመሻገሪያው ላይ ጠፍቶ እንደ ሆነ መርምሩ። ቍጥር ካለው ደግሞ «ፒንግ» በሚለው ትእዛዝ መጀመሪያ የቅርቡን መውጫ በር፥ ቀጥሎ እንደ 8.8.8.8 ያለውን የሩቅ ቍጥር ጥሩ። የቅርቡ ሲመልስ የሩቁ ካልመለሰ ብልሽቱ ብዙውን ጊዜ ከእናንተ ኮምፒዩተር ውጭ ነው፤ እንግዲያውስ ኮምፒዩተሩን ለመነካካት አትቸኩሉ።

አምስተኛው ደረጃ ስም ነው። የሩቁ ቍጥር መልሶ በስም የተጠራው ግን ካልተገኘ፥ ስልኩ ይሠራል፥ የስልክ ቍጥር ማውጫው ግን ጠፍቷል ማለት ነው። በ18.04 ላይ ይህን ማውጫ የሚያገለግለው በራሱ በኮምፒዩተሩ ውስጥ 127.0.0.53 በሚል ቍጥር የሚቀመጥ አገልጋይ ነው፤ «ሪዞልቭ.ኮንፍ» የተባለው ፋይልም ወደ እርሱ ማመልከት አለበት። ከአሮጌው እትም የቀረ የእጅ ጽሑፍ በዚያ ላይ ካለ ማውጫው መንገዱን ይስታል።

ከማሻሻል በፊት

ከደረሰብኝ ያተረፍሁትን ምክር ደግሞ ልስጣችሁ። በመጀመሪያ፥ ጽሑፋችሁን ሁሉ በሌላ ዕቃ ላይ ቅዱ። ቀጥሎ፥ አዲሱን እትም በፍላሽ ዲስክ ላይ አድርጋችሁ ሳትጭኑት አስነሡትና ሽቦው መሥራቱን እዩ፤ ይህ ሊሆን የሚችል ነገር ነው፥ በነባሩም ላይ ጉዳት አያደርስም። ሦስተኛ፥ መስመሩ ሳይቋረጥ በፊት የካርዳችሁን ስምና የአድራሻውን ቍጥር በወረቀት ላይ ጻፉ፤ መስመር ከጠፋ በኋላ መጠየቂያም ይጠፋልና። አራተኛ፥ አስቸኳይ ሥራ ባለበት ዋዜማ ፈጽሞ አታሻሽሉ። ኮምፒዩተሩ የመሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ሳታስፈቅዱ አትንኩት።

ከሁሉም በላይ፥ «አጥፍቼ እንደገና ልጫነው» የሚለው ሐሳብ ቶሎ ይመጣባችኋል። አትቀበሉት። አጥፍቶ መጫን በሽታውን ሳያውቁ በሽተኛውን መለወጥ ነው። እኔም አምስት ሰዓት ላይ ጣቴ ወደዚያ ደርሶ ነበር። አድርጌው ቢሆን መዝገቡም አብሮ ይጠፋ ነበር፤ ጥፋቱም እስከ ዛሬ በእትዬ ላይ በቀረ ነበር።

መዝገቡ እንደ ሄደ ወደ አለቃችን ገባሁና «ጋሼ፥ ሽቦው ደኅና ነው። ትናንት ማታ ሳላስፈቅድ ያሻሻልሁት እኔ ነኝ፤ ጠዋት መናገር ሲገባኝ ፈርቼ ዝም አልሁ» አልሁት። ተቈጣኝ፤ ይገባኝም ነበር። የአዲሱን ሽቦ ዋጋ ከኪሴ ከፈልሁ። ከዚያም እርሱ ራሱ ወጥቶ በሰው ሁሉ ፊት «እትዬ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላቸው።

እኔ በኋላ ብቻቸውን ሻይ ሲያፈሉ አገኘኋቸውና ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። እንዴት እንዳገኘሁትም ልነግራቸው ስለ መብራቱና ስለ ሽቦው ጀመርሁ። አላስጨረሱኝም።

«ልጄ፥ መብራቱማ እኮ ብልጭ ብልጭ ሲል አይቼዋለሁ» አሉ። «ከሥር ስጠርግ ዓይኔ ላይ ያርፍ ነበር። ማን ጠየቀኝ?»

እውነታቸውን ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን ደረጃ የመረመሩ እርሳቸው ብቻ ነበሩ። እኛ «ነክተሻል ወይ?» አልን እንጂ «ምን አየሽ?» ያለ አልነበረም። እርሳቸውን በዚህ ቃል ጠይቀን ቢሆን ኖሮ የሦስት ሰዓት ሥራ በአንድ ሰዓት ባለቀ ነበር።

ስለዚህ ውድ አንባቢዎቼ፥ መስመራችሁ ሲቋረጥ መጀመሪያ ጎንበስ በሉና መብራቱን እዩ። ከዚያም በፊት ግን በአጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ።

እስከሚመጣው ሳምንት በደኅና ቈዩኝ።